የሥራ መግለጫዬ ተቀየረ፤ አዲሱን ሥራ ግን አካሌ አይችለውም። ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሰኒ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አሜሪካ ነው። የሕክምና ዕቃ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ የደንበኞችን ትዕዛዝ እየተቀበልኩ ኮምፒውተር ላይ አስገባለሁ። አንድ እግሬ ላይ ጉዳት ስላለብኝ በክራንች ነው የምሄደው። ሲቀጥሩኝም አይተው ነው፤ ሥራው ቁጭ ብሎ የሚሠራ ስለሆነ እስካሁን ችግር አልነበረም።

አሁን አዲስ ማናጀር መጣና ክፍላችንን ከመጋዘኑ ጋር ቀላቀለው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሁላችንም በየተራ መጋዘን ገብተን እስከ 50 ፓውንድ የሚመዝን ካርቶን እናነሳለን ተብሏል። አዲስ የሥራ መግለጫ አድሎን «እስከ ዓርብ ፈርሙ» ብሎናል። ላናግረው ስሞክር «ይሄ አሁን ዋና ሥራችሁ ነው፣ ላንቺ ብቻ የተለየ ነገር ማድረግ አልችልም» አለኝ። ብፈርም ተስማማሁ ማለት ነው? ባልፈርምስ ያባርሩኛል?

ሀብታሙ

እህቴ፣ ነገር አታክርሪ። ፈርሚና ዝም በይ። ተራሽ ሲደርስ አብረውሽ የሚሠሩት ያነሱልሻል። ሐበሻም ካለ አይጨክንብሽም።

ሉሊት (ኤችአር፣ ማለትም የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ውስጥ የምሠራ)

ሀብታሙ፣ በቅንነት እንዳልከው ይገባኛል፤ ግን ይሄ ምክር ሰው ያስባርራል። የሚያነሳላት ልጅ ፈረቃ የቀየረ ቀን «ሥራሽን አልሠራሽም» ትባላለች። ያኔ የምታሳየው አንድም ወረቀት የላትም።

ሰኒ፣ መራራውን ላስቀድም። ድርጅቱ ሥራን የመለወጥ መብት አለው። ኤዲኤ የሚባለው የ1990 የአካል ጉዳተኞች ሕግ የሥራውን ዋና ተግባር እንዲሰርዙልሽ አያስገድድም። የሚያስገድደው ዋናውን በሌላ መንገድ የምትሠሪበት መላ እንዲፈልጉ ነው፤ ዋና ያልሆነውን ደግሞ ለሌላ ሰው ሰጥተው በምትኩ የምትችዪውን እንዲሰጡሽ ሊጠየቁ ይችላሉ። ይሄን ነው አኮሞዴሽን የምንለው። ድርጅቱን ከአቅሙ በላይ የሚጎዳው ካልሆነ በቀር እምቢ ማለት አይችልም። ሕጉ የሚሠራው 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ላይ ነው። ከዚያ ካነሰ የምትኖሪበትን ስቴት ሕግ እዪ፤ አንዳንዶቹ ትንንሽ ድርጅቶችንም ይጨምራሉ።

እንግዲህ ጥያቄው ካርቶን ማንሳት እውነት ዋና ሥራሽ ሆኗል ወይ ነው። ማናጀሩ ስላለ ብቻ አይሆንም። የአሠሪው አስተያየትና የጽሑፍ መግለጫው ይታያሉ፤ ግን በተግባር ያለውም ይታያል። ከቀኑ ምን ያህሉን ይወስዳል? አንድ ሰው ባያነሳ ሥራ ይቆማል? ሊከፋፈሉት የሚችሉ ስንት ሰዎች አሉ? ሌሎቹስ እውነት ያነሳሉ ወይስ ወረቀት ላይ ብቻ ነው? ብዙ ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ከሆነ የምትከራከሪበት ነገር አለሽ። ቀኑን ሙሉ ማንሳት ከሆነ ግን ይከብድሻል።

ፊርማውን በተመለከተ፣ መግለጫውን መቀበል መብትሽን አያስቀርም። ግን ባዶውን አትፈርሚ። ከፊርማሽ አጠገብ «ደርሶኛል፤ ማንሳትን በሚመለከት አኮሞዴሽን ጠይቄያለሁ» ብለሽ ጻፊና ፎቶ አንሺው።

ጋሽ በለጠ

ልጄ፣ እኔ የዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) ተወካይ ነበርኩ። ዩኒየን ካላችሁ ዛሬውኑ ንገሪያቸው፤ የኅብረት ስምምነቱም ዋናውን ሥራ ለመለየት ይታያል። ሌላው፣ በቃል ማውራት ይብቃሽ። በሕጉ በአፍ መጠየቅም ይቆጠራል፣ ነገር ግን ነገ «አልነገረችኝም» ሲሉ ምን ታደርጊያለሽ? ለማናጀሩ ሳይሆን ለኤችአር ኢሜይል ጻፊ። ቋንቋው አያስጨንቅሽ፣ የሕግ ቃል አያስፈልግም። እንዲህ ይበቃል፦

«በእግሬ ጉዳት ምክንያት አዲሱ የሥራ መግለጫ ላይ ያለውን ካርቶን የማንሳት ሥራ መሥራት አልችልም። አኮሞዴሽን እየጠየቅኩ ነው። ቁጭ ብዬ ዕቃ መመዝገብ፣ ስካን ማድረግና ማሸግ እችላለሁ። ለውጡ ከመጀመሩ በፊት ብንነጋገር ደስ ይለኛል።»

የምትችዪውን መጻፍሽን አትርሺ። «አልችልም» ብቻ ካልሽ ያዩት አልችልም የሚለውን ብቻ ነው።

ናርዶስ

የሐኪም ደብዳቤ ከጠየቁሽ ሐኪሙ «ቀላል ሥራ ይሰጣት» ብሎ እንዳይጽፍ። እኔ ያንን ይዤ ሄጄ ወደ ቤት መልሰውኝ ነበር። ምን ያህል ፓውንድ ድረስ ማንሳት እንደምትችዪ፣ ይዘሽ መራመድ ትችዪ እንደሆነ፣ ጉዳቱ ቋሚ መሆኑን ለይቶ ይጻፍ። አዲሱን የሥራ መግለጫም አሳዪው። ሙሉ የሕክምና ፋይልሽን ግን አትስጪ፤ የሚፈልጉት ከጥያቄሽ ጋር የተያያዘውን ብቻ ነው። እሱንም ከሠራተኛ ፋይልሽ ለይተው በምስጢር መያዝ አለባቸው።

ጃን (Job Accommodation Network) የሚባል ስለ አኮሞዴሽን በነፃ የሚያማክር ተቋምም አለ። ለምሳሌ ከፍ ዝቅ የሚል የማንሻ ጠረጴዛ ወይም ጋሪ ይሠራ እንደሆነ ይነግሩሻል።

ሰኒ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ኢሜይሉን ላክሁ። ኤችአር ለሰኞ ጠርተውኛል። ማናጀሩ ግን ፊቱን አጥቁሮብኛል። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ማንሳቱ ዋና ሥራ ነው ብለው ቢጸኑስ? የጠየቅኩትን ትተው ሌላ ነገር ቢሰጡኝስ?

ሉሊት

ሌላ መስጠት ይችላሉ፣ የሚሠራልሽ እስከሆነ ድረስ ምርጫው የእነሱ ነው። ሳትሞክሪው እምቢ አትበይ። ካልሠራልሽ በኢሜይል ንገሪያቸው፤ ንግግሩ እንደገና ይቀጥላል።

በዚያ ቦታ ምንም መላ ከጠፋ የመጨረሻው መንገድ ዝውውር ነው። የምትመጥኚው ክፍት ቦታ ካለ፣ በደመወዝ የሚስተካከለውን አስቀድመው ማየት አለባቸው። አዲስ ቦታ እንዲፈጥሩ ወይም ሌላ ሰው እንዲያስነሱ ግን አይገደዱም። ክፍት ቦታዎቹን አንቺም ፈልጊና ለሰኞ ይዘሽ ግቢ።

ፊት ማጥቆር ብቻውን ብዙ አያስኬድም። ስለጠየቅሽ ሰዓት ከቀነሰብሽ ወይም ካባረረሽ ግን የበቀል እርምጃ ነው፣ ክልክል ነው። ቀኑንና ያለውን ጻፊ። ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን፣ ለኢኢኦሲ ማለቴ ነው፣ አቤቱታ የሚቀርበው ድርጊቱ ከተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ ብዙ ስቴቶች ውስጥ 300 ይሆናል። በድርጅቱ ውስጥ ቅሬታ አስገብተሽ ስትጠብቂ ያ ቀን አይቆምም፣ ስለዚህ እነሱ «እናየዋለን» ሲሉሽ አንቺ ካላንደርሽን እዪ።