የቨርጂኒያ ካውንቲዎች አመሠራረትና የ50 ኤከሩ መሬት

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1634 በአሜሪካ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችው ቨርጂኒያ በ8 ሽሮች (ኋላ ካውንቲ በተባሉ የአስተዳደር ወረዳዎች) ተከፈለች ይባላል። አዲስ ካውንቲ የሚወለደው እንዴት ነበር? የአንድ ሰው ስም በመሬት ሰነድ ላይ ከተገኘ የመጣበት ዓመት ያ ነው ማለት ነው?

መልስ 1፦ አይደለም፣ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ለተጓዥ የመርከብ ዋጋ የከፈለ ሰው በነፍስ ወከፍ 50 ኤከር ይገባው ነበር። መጀመሪያ የካውንቲው ፍርድ ቤት የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ ወረቀቱን ይዞ ጄምስታውን ጸሐፊው ቢሮ ይሄዳል፤ ቀያሽ መሬቱን ይለካል፤ የባለቤትነት ሰነዱ የሚወጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ወረቀቱ ይሸጥ ስለነበር ሰውየው ከመጣ ከዓመታት በኋላም ሊቀርብ ይችላል። ይባስ ብሎ ለአንዱ ተጓዥ ካፒቴኑም ነጋዴውም እየቀረቡ ሁለቴ ይወስዱበታል። ስለዚህ የሰነዱ ቀን «ከዚህ በፊት መጥቷል» ከማለት አያልፍም። መሬቱ በ3 ዓመት ውስጥ ካልተያዘና ካልታረሰ ደግሞ ለሌላ ይሰጥ ነበር።

መልስ 2፦ ስለ ካውንቲው፦ ሰፋሪው ወንዝ ሽቅብ እየገፋ ሲሄድ ፍርድ ቤቱ ይርቀዋል፤ ያኔ የቅኝ ግዛቱ ሕግ አውጪ ጉባኤ ካውንቲውን ይከፍላል። ኒው ኬንት በ1654 ከዮርክ የወጣው እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን መዝገብ ዮርክ ፈልጉ፤ የኒው ኬንት ፍርድ ቤት ግን በ1787 ከነመዝገቡ ተቃጥሏል።

መልስ 3፦ ስም መቀየሩንም አትርሱ። ዮርክ ራሱ በ1634 ቻርልስ ሪቨር ነበር። አኮማክም በ1643 ገደማ ኖርዝሃምፕተን ተባለ፤ የዛሬው አኮማክ ኋላ ከእሱ የተከፈለ ነው። ከ1632 የሚጀምረው ጥንታዊ የፍርድ ቤት መዝገብ ያለው ኖርዝሃምፕተን ነው። በዚያ ላይ ዓመቱ የሚገባው ማርች 25 ስለነበር ፌብሩዋሪ 1642 የተጻፈው በዛሬ አቆጣጠር 1643 ነው።