ጥቆማ፦ የድሮ የአየር ፖስታ መስመሮችን በሲሙሌተር ለመብረር ምን ያስፈልጋል፣ የሚያስፈልገውስ መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ከየት ይገኛል?

ሰሞኑን ሁለት ሰዎች ተቀራራቢ ጥያቄ ስለ ጠየቁኝ መልሱን እዚህ አንድ ላይ አስቀምጣለሁ። አንደኛው ወንድማችን የፈረንሳዮቹን የቱሉዝ–ዳካር የፖስታ መስመር በኮምፒውተር መብረር ይፈልጋል። እህታችን ደግሞ የትኛው ሲሙሌተር (በረራን በኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) ይሻላል፣ ዕቃውንስ ከየት ላግኝ ብላለች። ሁለት ዓመት በዚህ ነገር ስደክም ስለ ከረምሁ የማውቀውን ልንገራችሁ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ከቱሉዝ አትጀምሩ፣ ከልደታ ጀምሩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ። አውሮፕላኑ ሲ-47 ነበር፤ የዲሲ-3፣ ማለትም የዚያ ዘመን ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን፣ ወታደራዊ ዓይነት። ቦሌ ገና አልተሠራም፤ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር። ይህን መስመር የሚያህል ለእኛ ቅርብ የሆነ፣ ለመብረርም የሚፈትን ሌላ አላገኘሁም። ስሙን የምናውቀውን ወንዝና ተራራ ከላይ እያየን የምንሄድበት ነውና።

ወደ ሲሙሌተሮቹ ልምጣ። በመልክ የሚስተካከለው የሌለው የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የ40ኛ ዓመት እትሙ ዲሲ-3ንና የአሜሪካ የአየር ፖስታ የጀመረበትን ከርቲስ ጄኒ የተባለ አውሮፕላን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይዞ መጥቷል። ችግሩ መሬቱን እየበረራችሁ ከኢንተርኔት የሚስብ መሆኑ ነው። መስመሩ ሲደክም ተራራው እንደ ቀለጠ ሰም ይሆናል። ቤታችሁ ገደብ የሌለው የፋይበር መስመር ካለ ይሁን፤ በሞባይል ዳታ ጥቅል ግን አልመክርም፣ ጥቅሉ አሥመራ ሳትደርሱ ያልቃል። ኤክስ-ፕሌን 12 መሬቱን ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ አንዴ ካወረዳችሁት መሬቱን ለማሳየት ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ዲሲ-3ው ለብቻው የሚጫን ነው። ፍላይትጊር ደግሞ በነፃ የሚገኝ ነው። መልኩ ከሁለቱ ያንሳል፣ ነገር ግን ዲሲ-3 አለው፣ ፈቃዱም ማንም ለማንም እንዲቀዳ ይፈቅዳል። ስለዚህ ሃርድ ዲስክ ይዞ ካወረደ ጓደኛ ዘንድ መሄድ ሕጋዊ ነው።

የእኔ ምክር በፍላይትጊር ጀምራችሁ፣ ልባችሁ ከገባበት ኤክስ-ፕሌንን እንድትገዙ ነው። የሚገዛው በዶላር ስለሆነ ለውጭ ክፍያ የሚሠራ የባንክ ካርድ ያስፈልጋል፤ ይህን አስቀድማችሁ ባንካችሁን ጠይቁ። ሱቅ ገብታችሁ በሁለት መቶ ብር የተሰረቀ ቅጂ አታስጭኑ። ከቫይረሱ ሌላ፣ ሠሪዎቹ በየጊዜው የሚያወጡትን ማሻሻያ አታገኙም።

ኤክስ-ፕሌንን የምወድበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ከእሱ ጋር የሚሠራ የአውሮፕላን ማረፊያ መሥሪያ ፕሮግራም በነፃ ይሰጣል። ዛሬ በልደታ ቤትና መንገድ እንጂ ዲሲ-3 የሚያሳርፍ ሜዳ የለም። እኔ ሦስት ምሽት ወስጄ የድሮውን ሜዳ በቦታው አኖርሁት፤ አንድ መንደርደሪያ፣ አንድ መጋዘን፣ የነፋስ ከረጢት፣ በቃ።

ከዚያ ተነሥታችሁ ስትበሩ የምታዩትን ላሳያችሁ። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 2,360 ሜትር ገደማ ነው። የዲሲ-3 ሞተር ባሕር ጠለል ላይ 1,200 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው በዚህ ከፍታ ወደ 1,050 ይወርዳል። የጋዙን እጀታ እስከ መጨረሻው ገፍታችሁም የግፊት መለኪያው መርፌ መድረስ የሚገባው ቦታ ሳይደርስ ይቆማል። ጭራው ይነሣል፣ መንኮራኩሩ ግን መሬቱን አልለቅ ይላል፤ የሜዳው ጫፍ እየቀረበ ይመጣል። በመጨረሻ ሲለቅ ደግሞ ፊት ለፊት እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ሆኖ ቆሟል። በቀጥታ ወደ ሰሜን አታቅኑ። በከተማው ላይ ሁለት ጊዜ እየዞራችሁ ከፍታ ሰብስቡ፣ ከዚያ እንጦጦን ተሻገሩ። እኔ በመጀመሪያው ቀን ቀጥ ብዬ ሄጄ ሽሮ ሜዳ ላይ ቀረሁ።

ከእንጦጦ በኋላ መንገዱ ወደ ሰሜን ቀጥ ያለ ነው፤ አዲስ አበባና አሥመራ በአንድ መስመር ላይ የተሰደሩ ያህል ናቸው። ጂፒኤሱን አጥፉ። ኮምፓስ፣ ሰዓትና ካርታ ብቻ ያዙ። የጀማ ሸለቆ፣ ቀጥሎ 4,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው አምባ ፈሪት፣ በሸሎ፣ ተከዜ፣ የአድዋ ተራሮች፣ መረብ። እያንዳንዱን ያያችሁበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፉ። የዛሬውን ምድር በሚያሳይ ሲሙሌተር ላይ ከተከዜ ግድብ ጀርባ ያለውን ሐይቅ ምልክት አታድርጉት፤ በ1938 ዓ.ም. አልነበረም። አሥመራ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ሦስት ሰዓት አይሞላም። ከአሥመራ ካይሮ ግን 1,800 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሙሉ ቅዳሜ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ካርታውስ? ስክሪን ላይ ከማየት የወረቀት ካርታ ጉልበት ላይ ዘርግቶ መብረር ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው። ከሒልተን ሆቴል ፊት ለፊት ባለው፣ ብዙዎቻችን ካርታ ሥራ እያልን በምንጠራው መሥሪያ ቤት የአገሪቱ ካርታ በተለያየ መስፈርት ይዘጋጃል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው 1፡250,000 ነው። 1፡50,000 ያለው ለእግር ተጓዥ እንጂ ለአውሮፕላን አይሆንም፤ አንዱን ገጽ በስድስት ደቂቃ ታልፉታላችሁ። የድሮ ካርታና ጽሑፍ ለማየት ደግሞ ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ወመዘክርን ሁለቱንም ሞክሬአለሁ። ለዚህ ጉዳይ ስድስት ኪሎ ይሻላል። ወመዘክር ለድሮ ጋዜጣ ነው የሚመረጠው።

ማንም ሳይገባበት እንዳያልፍ የምፈልገው ግን ቸርችል ጎዳና፣ ዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ ያለውን የፖስታ ሙዚየም ነው። አገራችን ቴምብር ማውጣት የጀመረችው በ1894 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስብስቡም ከዚያ ይነሣል። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ ሲደርስ አዲስ ቴምብር አልተቀረጸም። የንግሥት ዘውዲቱና የተፈሪ ሥዕል ባለባቸው ነባር ቴምብሮች ላይ ትንሽ አውሮፕላን ታተመባቸው። የአየር ፖስታ ቴምብራችን የተጀመረው እንዲህ ነው። ያቺን የጥፍር ያህል አውሮፕላን አጎንብሶ ማየት ከየትኛውም የስክሪን ሥዕል ይበልጥብኛል።

የጠያቂያችን የቱሉዝ ጉዳይም እዚህ ላይ ይገናኛል። ጊዮሜ የተባለው የፈረንሳዮቹ የአየር ፖስታ አብራሪ በሰኔ 1930 እ.ኤ.አ. የአንዲስ ተራሮች በረዶ ላይ የወደቀው በዚሁ በፖቴዝ 25 ነበር፤ አምስት ቀንና አራት ሌሊት በእግሩ ተጉዞ ነፍሱን አተረፈ። እና ወንድሜ፣ ከልደታ ካይሮን ከጨረስህ በኋላ የቱሉዝ–ዳካር መስመር ክፍል የሆነውን ካዛብላንካ–ዳካርን ያዝ፤ በረሃውን በግራ፣ ውቅያኖሱን በቀኝ አድርገህ ዳርቻውን መከተል ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው። የአሜሪካውን የዋሽንግተን–ኒው ዮርክ መስመር በጄኒ መሞከርም ጥሩ ነው። ግንቦት 15 ቀን 1918 እ.ኤ.አ. ከዋሽንግተን የተነሣው የመጀመሪያው አብራሪ የተሳሳተ የባቡር ሐዲድ ተከትሎ ወደ ደቡብ ሄዶ ነበር። ሐዲድ ከመከተል በፊት ኮምፓስ ማየት እንደሚገባ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ስለ ዕቃ። ጆይስቲክ ሳይኖር ዲሲ-3ን በኪቦርድ ማንሣት እጅግ ያስቸግራል፤ ጭራው መሬት የሚነካ አውሮፕላን ስለሆነ ሲንደረደር ወደ ጎን ይሸሻል። እጀታው ራሱ ግራና ቀኝ የሚዞር ከሆነ በእግር የሚረገጠውን የመሪ ፔዳል ሳትገዙ ትገላገላላችሁ። ከተማችን ውስጥ አልፎ አልፎ የሚገኙት ሎጂቴክ ኤክስትሪም 3ዲ ፕሮና ትረስትማስተር ቲ16000ኤም ሁለቱም እንዲህ ናቸው። ሁለተኛው በማግኔት የሚሠራ ሴንሰር ስላለው ብዙ ያገለግላል፤ የመጀመሪያው ይረክሳል፣ ለመጀመር ይበቃል። ያገለገለ ስትገዙ ግን ሳትፈትሹ ገንዘብ አትስጡ። እኔ ስታዲየም አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ የገዛሁት፣ እጄን ስለቅ እንኳ አውሮፕላኑን ወደ ግራ ያዘነብለው ነበር፤ ሻጩም የተሸጠ ዕቃ አይመለስም አለኝ። ከዚያ በኋላ ላፕቶፕ ይዤ ነው የምሄደው። ሱቁ ውስጥ እሰካለሁ፣ የዊንዶውስን መፈተሻ መስኮት እከፍታለሁ፣ እጄን አነሣለሁ። የመስቀል ምልክቷ መሀል ላይ ጸጥ ካለች እከፍላለሁ፣ ከተንቀጠቀጠች አመሰግናለሁ ብዬ እወጣለሁ። ፒያሳ ያሉ ሱቆች ፈተናውን ያለ ቅሬታ ይፈቅዳሉ፤ ግን መንገዱ ሲሠራ ብዙዎቹ ቦታ ስለ ለወጡ አስቀድማችሁ ደውሉ።

ኮምፒውተሩ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ግዙ። ስድስተኛው ሰዓት ላይ አባይን ይዛችሁ ወደ ካይሮ ስትወርዱ መብራት ቢጠፋ የሚሰማችሁን አውቀዋለሁ። ላፕቶፕ ያለው ሰው ይህ ወጪ ይቀርለታል።

ተጨማሪ፦ እህታችን ላፕቶፗ አሮጌ እንደሆነ፣ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ እንደሌለው ጽፋልኛለች። አይዞሽ። የ2004ቱ የማይክሮሶፍት ሲሙሌተር ዲሲ-3ንም ጄኒንም ይዟል፣ እንዲህ ባለ ማሽን ላይም ይሠራል። ኦሪጅናል ዲስኩ ያለው ሰው ካገኘሽ ግዢው። የወረቀት ካርታውን ግን አትተዪ፤ አራት ኪሎ ያሉ ማተሚያ ቤቶች በትልቅ ወረቀት ኮፒ ያደርጉልሻል፣ ዋናውን ሳታበላሺ በእርሳስ መስመርሽን ታሰምሪበታለሽ።

በ1940ዎቹ ዓ.ም. የተነሣ የልደታ ሜዳ ፎቶግራፍ ቤታችሁ አልበም ውስጥ ያላችሁ ካላችሁ እባካችሁ አሳዩኝ። የመጋዘኑን በር በየት በኩል እንደማደርገው እስካሁን አልቆረጥሁም።