የሩጫ አፕ፦ የሰዓቱ ባትሪ ቶሎ እያለቀ ተቸግሬያለሁ

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሩጫ የሚመዘግብ አፕ ለስልክና ለስማርት ሰዓት እየሠራሁ ነው። ጂፒኤስና የልብ ምት አብረው ሲበሩ የሰዓቱ ባትሪ ቶሎ ያልቃል። መረጃውን በየሰከንዱ ወደ ስልክ መላክ የግድ ነው?

መልስ 1፦ በጭራሽ! ብሉቱዙን አሳርፈው። ሰዓቱ ላይ አጠራቅመህ ሩጫው ሲያልቅ በአንዴ ላክ። በዌር ኦኤስ (የጉግል የስማርት ሰዓት ሲስተም) ከሆነ ሄልዝ ሰርቪስስ የሚባለው የልብ ምትና የእንቅስቃሴ መረጃ የሚሰበስበው አገልግሎቱ ስክሪኑ ሲጠፋ መረጃውን ራሱ አጠራቅሞ ይሰጥሃል። ደግሞ እባክህ፣ የማቆሚያውን ቁልፍ ትልቅ አድርገው፤ በላብ የራሰ ጣት ትንሽ ቁልፍ ላይ ያዳልጣል፣ ሯጩም እያየ ሳይሆን እየሮጠ ነው የሚነካው።

መልስ 2፦ የልብ ምቱ የሚለካው አረንጓዴ ብርሃን ቆዳ ላይ በማብራት ስለሆነ ማሰሪያው ከላላ ቁጥሩ ይዘባረቃል። የምትጠራጠረውን ቁጥር አታሳይ፣ ባዶ ተወው። ሰው በዚያ ቁጥር ተማምኖ ነው ሰውነቱን የሚያደክመው።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዛሬውኑ አጠራቅሞ የሚልከውን እሞክራለሁ።