ጥንቸል፣ በቀቀንና ኤሊ የሚያክም ክሊኒክ፦ ማን ምን ይሥራ?

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የግል የእንስሳት ክሊኒክ አራት ሆነን እንሠራለን፦ አንድ ሐኪም፣ ሁለት ረዳቶች፣ ካርድ የምትቆርጥና ጽዳቱንም የምትይዝ አንዲት ልጅ። ሥራችን ከብት፣ በግ፣ ፍየል፣ ውሻና ዶሮ ነበር። አሁን ጥንቸል፣ ርግብ፣ በቀቀን፣ አልፎ አልፎም ኤሊ እየመጣ ነው። ለአልትራሳውንድ የሚሆን ገንዘብ እያጠራቀምን ነው። ከዚያ በፊት ግን ለየትኛው ሠራተኛ ምን ማስተማር እንዳለብን የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩን።

ጦሳ ሥር (ደሴ)፦

አልትራሳውንዱ ይቆይ። መጀመሪያ 1 ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛንና የኢንሱሊን ሲሪንጅ ግዙ። ከዚያ ከረዳቶቹ አንዱን የሚዛንና የመድኃኒት ኃላፊ አድርጉት፦ እሱ ይመዝናል፣ ይጽፋል፣ ያሰላል፣ ይስባል። ሐኪሙ መጠኑን ለብቻው አስልቶ ሁለቱ ቁጥሮች ካልገጠሙ መርፌው አይወጋም።

የእከክና የትል መድኃኒት የሆነውን አይቨርሜክቲንን እንውሰድ። 1 ፐርሰንት የሚለው በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም አለው። “ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ” እያለ ከብት ሲወጋ የኖረ እጅ እከክ የያዛት ጥንቸል ስትመጣ ይሳሳታል። 2 ኪሎ ለምትመዝን ጥንቸል በኪሎ 0.3 ሚሊ ግራም ሲታሰብ 0.6 ሚሊ ግራም ይመጣል፤ ይህም 0.06 ሚሊ ሊትር ነው። ባለ 5 ሲሪንጅ ላይ ይህን የሚያሳይ መስመር የለም። 1 ሚሊ ሊትሩ በ100 ዩኒት የተከፈለው የኢንሱሊን ሲሪንጅ ላይ ግን 6 ዩኒት ብላችሁ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ሌላም አለ፦ በተለመደው ሲሪንጅ አፍንጫና በመርፌው ውስጥ ተደብቆ የሚቀረው ጠብታ ብቻውን ይህንኑ ያህል ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱን ስቦ ሌላ ፈሳሽ የሚጨምርበት ሰው ያንን ጠብታም አብሮ ያስገባውና መጠኑ እጥፍ ይሆናል። ከቆዳ ሥር ይወጋል፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይደገማል።

ኤሊ ላይ ግን አይቨርሜክቲን በጭራሽ! ሽባ አድርጎ ይገድላታል። ለጥንቸል አሞክሲሲሊንም ሆነ ፔኒሲሊን በአፍ አይሰጥም፤ የአንጀቷን ደህና ባክቴሪያ ጨርሶ ክሎስትሪዲየም ለሚባለው ጎጂ ባክቴሪያ ቦታ ይለቅለታል፣ በተቅማጥ ትሞታለች። ለቁንጫ የሚደረገው ፊፕሮኒልም ለእሷ መርዝ ነው። ፔንስትሬፕን (የፕሮካይን ፔኒሲሊንና የስትሬፕቶማይሲን ድብልቁን) ከትናንሽ ወፎች አርቁ፤ ፕሮካይኑም ስትሬፕቶማይሲኑም ይጎዳቸዋል። እነዚህ ሁሉ በየቀኑ እጃችን ላይ ያሉ መድኃኒቶች ናቸው፣ አደጋውም ከዚያ ይመጣል። የመደርደሪያው በር ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉ።

ሐይቅ መንገድ፦

ጦሳ ሥር ያለው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ካርድ የምትቆርጠውን ልጅ አትዝለሏት። ወፍም ጥንቸልም ሕመሙን ይደብቃል፤ ባለቤቱ “ትንሽ ፈዘዝ ብሏል” ብሎ ሲያመጣው ነገሩ ቆይቷል። ስልኩን የምታነሳው እሷ ስለሆነች ሦስት ነገር ትጠይቅ፦ መጨረሻ የበላው መቼ ነው? መጨረሻ ኩስ የጣለው መቼ ነው? አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል ወይ? ግማሽ ቀን ምግብ ያልቀመሰች ወይም በጠጥ ያልጣለች ጥንቸል ተራ አትጠብቅም። አፉን ከፍቶ በየትንፋሹ ጭራውን የሚያወዛውዝ ወፍም እንዲሁ። ሲመጡ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ይምጡ፣ ከውሾች ራቅ ብለው ጸጥ ያለ ቦታ ይቀመጡ።

ሁለተኛው ረዳት የመያዝ ሥራ ይማር። ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ወፍ እንደ እኛ ድያፍራም (ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ) የለውም፤ የሚተነፍሰው የደረት አጥንቱን እያንቀሳቀሰ ነው። ደረቱን ጨምቆ የያዘ ሰው እዚያው እጁ ላይ ያፍነዋል። በርና መስኮት ይዘጋ፣ መብራቱ ይደብዝዝ፣ ፎጣ ከኋላ ይምጣበት፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ከመንጋጋው ግራና ቀኝ ይያዙ፣ ደረቱ ነፃ ይሁን። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ይለቀቅ። ስለዚህ ሲሪንጁ፣ ጥጡ፣ የደም ቱቦው ወፉ ከመያዙ በፊት ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ መጠበቅ አለበት። ደም የሚቀዳው ቢበዛ ከክብደቱ 1 ፐርሰንት ነው፤ 300 ግራም ከሆነች ጤነኛ ርግብ 3 ሚሊ ሊትር፣ ከታመመች ከዚያ በታች።

ጥንቸልን በጆሮ ማንሳት የለም። አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ አንድ እጅ ከቂጧ ሥር። አጥንቷ ቀላል፣ የኋላ እግሯ ጡንቻ ብርቱ ስለሆነ በብረት ጠረጴዛ ላይ እግሯ ሲያዳልጣት ትፈናጠርና በገዛ ጉልበቷ ወገቧን ትሰብራለች። ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ፎጣ አንጥፉ።

ደግሞ ቡናው የሚቆላበትና ዕጣኑ የሚጨስበት ቦታ ከወፎቹ ክፍል ይራቅ። ሳንባቸው ጭስ አይችልም።

ቦርከና ዳር፦

ኑሩልን! ማደንዘዣ ስንሰጥስ? የታመመች ኤሊስ ደሴ ተኝታ እንድትታከም ብንልካት ብርዱ አይጎዳትም?

ነጭ ጋዋን (ደሴ)፦

አብሽር፣ ሁለቱም ይቻላል፤ ግን ሰው ይፈልጋል።

ማደንዘዣ ላይ አንድ ሰው ከትንፋሽና ከልብ ምት በስተቀር ሌላ ሥራ አይሰጠው። ቢላዋ የያዘው ሐኪም ትንፋሽ ሊቆጥር አይችልም። በየ5 ደቂቃው ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ የድድ ቀለምና ሙቀት ይጻፍ። ጥንቸል ማስታወክ ስለማትችል እንደ ውሻ ሌሊቱን ሙሉ አትጹም፤ አፏ እንዲጸዳ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ከተራበች አንጀቷ ሊቆም ይችላል። የልብ ምት ሲቀንስ የሚሰጠው አትሮፒን ላይ አትተማመኑ፣ ብዙ ጥንቸሎች የሚሰባብረው ኤንዛይም በደማቸው ውስጥ አለ። ትኩረት የሚያስፈልገው ደግሞ ስፌቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ብዙዎቹ የሚሞቱት ሁሉም ሰው “አለቀ” ብሎ እጁን ሊታጠብ በሄደበት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ውስጥ ነው። ጠባቂው ሰው አይነሳ። ሙቀቷ ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ መካከል ይሁን፣ ቀና ስትል ድርቆሽ ይቅረብላት፣ በልታ በጠጥ እስክትጥል ወደ ቤት አትሂድ።

ወደ ኤሊዋ ስንመጣ፣ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ ኮምቦልቻ ከዚህ ይሞቃል። እናንተው ጋ ብትተኛ ይሻላል። ኤሊ ሰውነቷን የምታሞቀው ከውጭ በምታገኘው ሙቀት ነው። ከበረዳት መድኃኒቱም በውስጧ አይሠራም፣ ምግቡም አይፈጭም። የምትተኛበት ሣጥን አንዱ ጫፍ 30 ዲግሪ አካባቢ፣ ሌላው ጫፍ ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፣ ራሷ ትምረጥ። ቴርሞሜትሩ በድንጋይ ልብሷ ከፍታ ልክ ይሰቀል፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሌላ ቁጥር ነው የሚነግራችሁ።

መብራት ሲጠፋ በሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አስቀምጡ። የሌሊቱ ተረኛ ጠርሙሱን በየሰዓቱ በእጁ ይዳስስ። የቀዘቀዘ ጠርሙስ ሙቀቷን መልሶ ይስባል፤ ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ጠርሙሱ እስኪነጋ እዚያው ያድራል።

መርፌዋ በፊት እግሯ ይሁን። የኋላው ደም መድኃኒቱን ይዞ ወደ ልብ ሳይመለስ በኩላሊት ሊያልፍ ይችላል። በየቀኑ ለ20 ደቂቃ አገጯን በማይደርስ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትቀመጥ፣ ጠጥታም ተጸዳድታም ትወጣለች።

ገራዶ፦

ስለ ጽዳት ማንም አላነሳም። የበቀቀንና የርግብ ደረቅ ኩስ ሲጠረግ ይቦንንና ሲታኮሲስ የሚባለውን የሳንባ በሽታ ሰው ላይ ያመጣል። ስለዚህ ማስክና ጓንት ይደረግ፣ መጀመሪያ ውሃ ይረጭበት፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠብ፣ በመጨረሻ 1 ሊትር ውሃ ላይ 30 ሚሊ ሊትር ያህል በረኪና ተጨምሮ 10 ደቂቃ ይቆይበት። ኩሱ ሳይነሳ በረኪና ማፍሰስ ብክነት ነው፣ ቆሻሻው ኃይሉን ይጨርሰዋል። ወፉ ክፍሉ ውስጥ እያለም በረኪና አይከፈት። ኤሊ የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ሳልሞኔላ የሚባለውን የተቅማጥ ባክቴሪያ ትይዛለች።

የእብድ ውሻ በሽታ ቅድመ መከላከያ ክትባት አራታችሁም ውሰዱ፣ የጽዳቷ ልጅ ጭምር። በመጀመሪያው ቀን አንድ፣ በ7ኛው ቀን ሁለተኛ። ተነክሶ ወይም ተቧጭሮ የመጣ ሠራተኛ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና ያጥባል፣ ከዚያ ክትባቱን የወሰደም ቢሆን ወዲያው ጤና ተቋም ይሄዳል።

ጦጣ ወይም ጭላዳ ይዞ የመጣ ሰው ካለ፣ በዱር እንስሳት ሕጉ መሠረት የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ እንደማይቻል ንገሩት፤ የዱር ኤሊም እንዲሁ ናት። ሰውየው ፈርቶ እንስሳውን መንገድ ላይ እንዳይጥለው ግን በትሕትና ይሁን። ነፍስ አድን እርዳታ ስጡና ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አሳውቁ። ሆለታ አጠገብ ያለው የእንሰሳ ኮቴ ማዕከል የተያዙ የዱር እንስሳትን ይቀበላል።

የሞተ ወፍ አትጣሉ፤ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪው እዚያው ከተማችሁ ነው። ላባውን በሳሙና ውሃ አርሳችሁ በሁለት ፌስታል አድርጉት፣ በበረዶ ሣጥን በዚያው ቀን ላኩት። ፍሪዘር አይግባ፣ ሥጋው ይበላሽና ምርመራው ይከሽፋል። ከላይ ክብደቱን፣ የሞተበትን ሰዓትና የተሰጠውን መድኃኒት በወረቀት ጽፋችሁ አያይዙ።