ለጀማሪ የሚሻለው የትኛው ነው፦ አርዱዊኖ ኡኖ፣ ኢኤስፒ32 ወይስ ፒኮ?

ጦሳ (ደሴ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ ነው፤ ሥራዬ ሒሳብ ቢሆንም ኤሌክትሮኒክስን በትርፍ ጊዜዬ መማር እፈልጋለሁ። ሰፈራችን ውኃ የሚያገኘው በፈረቃ ስለሆነ፣ በመጀመሪያ ልሠራ ያሰብኩት ሮቶው ሲሞላ የሚጮኽና የቀረውን የውኃ መጠን በትንሽ ስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ውሎ አድሮም መጠኑን በስልኬ ባየው ደስ ይለኛል። ፕሮግራም ጽፌ አላውቅም። ከሦስቱ ቦርዶች (ፕሮግራም የሚጫንባቸው ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች) አንድ ብቻ ልግዛ ብል የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
በኡኖ ይጀምሩ ባይ ነኝ። በፍጥነትና በሜሞሪ ካወዳደርናቸው ኡኖ ተሸናፊ ነው፤ እሱ 16 ሜጋኸርዝና 2 ኪሎባይት ራም ሲኖረው፣ ኢኤስፒ32 እስከ 240 ሜጋኸርዝ የሚደርስና 520 ኪሎባይት ራም ያለው ነው። ይሁን እንጂ የሮቶ ውኃ መለካት ይህን ሁሉ አቅም አይጠይቅም። ለጀማሪ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሽቦ ሲገናኝ የሚፈጠር ስሕተትን የሚችል ቦርድ ነው። ኡኖ የሚሠራው በ5 ቮልት ነው፤ ከላይ ሆኖ እስከ ውኃው ያለውን ርቀት በድምፅ ሞገድ የሚለካው ርካሹ ኤችሲ-ኤስአር04 ሴንሰርም እንዲሁ በ5 ቮልት ስለሚሠራ፣ ሁለቱን ያለ ምንም ተጨማሪ ዕቃ ማገናኘት ይቻላል። ኢኤስፒ32ም ሆነ ፒኮ ግን በ3.3 ቮልት የሚሠሩ በመሆናቸው፣ ከሴንሰሩ የሚመጣው 5 ቮልት ዝቅ ሳይደረግ ከገባባቸው ፒናቸው (ሽቦ የሚገናኝበት እግር) ሊበላሽ ይችላል።

ሲገዙም ባለ 28 እግሩ ረጅም ቺፕ በሶኬት ላይ የተሰካበትን ኡኖ ይምረጡ። ቺፑ ቢቃጠል ቡትሎደር (ከኮምፒውተር ፕሮግራም ለመቀበል የሚያስችለው ትንሽ ሶፍትዌር) የተጫነበት ሌላ ቺፕ ገዝቶ መተካት ይቻላል፤ ትንሹ ቺፕ ተበይዶ የተቀመጠበት ከሆነ ግን ቦርዱን መጣል ሊኖርብዎት ነው። የአርዱዊኖ ንድፍ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ቅጂዎቹ ብዙ ናቸው፤ እነሱን መግዛትም ነውር የለውም። ኮምፒውተርዎ ቅጂውን አላውቀውም ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው የሲኤች340 ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከቦርዱ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር ነው።

አዝዋ (ደሴ)፦
በቦርከና ሐሳብ በከፊል ብቻ እስማማለሁ። ጠያቂው ስልክን ጠቅሰዋል፤ የተባለው ኡኖ ደግሞ ዋይፋይ የለውም። ስለዚህ አንድ ቦርድ ብቻ የሚገዛ ሰው ኢኤስፒ32ን ቢመርጥ፣ ከወራት በኋላ ሌላ ከመግዛት ይድናል። የአርዱዊኖ ፕሮግራም መጻፊያ ለእሱም ይሠራል፤ የቮልቱ ችግርም ቢሆን በአንድ ባለ 1 ኪሎ ኦምና በአንድ ባለ 2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ቮልቱን ተከፋፍለው ዝቅ የሚያደርጉ ትንንሽ ዕቃዎች) የሚፈታ ነው። በተለይ ለእኛ የሚጠቅመው ቦርዱ የራሱን ዋይፋይ መፍጠር መቻሉ ነው፤ ኢንተርኔት ቢጠፋ እንኳ ስልክዎን በቀጥታ ከእሱ ጋር አገናኝተው የሮቶውን መጠን ማየት ይችላሉ።

ሆኖም ዋይፋይ ሲበራ ኃይል በድንገት ስለሚስብ፣ በቀጭን ወይም ባረጀ ኬብል ከተሰካ ደጋግሞ እየጠፋ ይነሣል፤ ጀማሪ ይህን የኮድ ስሕተት ሊመስለው ይችላል። ለኢኤስፒ32 የሚወርደው ፋይልም ከባድ ስለሆነ ጥሩ ኔትወርክ ባለበት ቦታ ሆነው ያውርዱት፤ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ፒኮን በተመለከተ፣ በ2021 የወጣው የመጀመሪያው ዋይፋይ የለውም፤ ዋይፋይ ያለው ፒኮ ደብሊው ነው። ማይክሮፓይተንን (ለእንዲህ ያሉ ቦርዶች የተዘጋጀውን የፓይተን ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) መማር ለሚፈልግ ጥሩ ምርጫ ነው።

ጦሳ (ደሴ)፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ስልኩን የምር ስለምፈልገው ወደ ኢኤስፒ32 አዘንብያለሁ። ሮቶው ሲሞላ ፓምፑንም እንዲያጠፋ ባደርገውስ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
ስልኩ ግድ ከሆነ ምርጫዎን አልቃወምም። ፓምፑን ግን ለጊዜው ይተዉት፤ 220 ቮልት የልምምድ ቦታ አይደለም፣ ጊዜው ሲደርስም የኤሌክትሪክ ባለሙያ አጠገብዎ ይኑር። ሴንሰሩ ሮቶ ውስጥ እርጥበት ስለሚያገኘው፣ ከኤችሲ-ኤስአር04 ይልቅ ውኃ የማያስገባውን ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ ይግዙ። እሱ ከ25 ሴንቲሜትር በታች ያለውን ርቀት በትክክል ስለማያነብ፣ ሮቶው ጢም ብሎ ሲሞላም ውኃው ከዚህ በላይ እንዲርቀው ከፍ አድርገው ይስቀሉት።