ብሮክዊትዝ፣ ኤዳ ወይስ ሪሂማኪ? የካርኒቫል ብርጭቆ ለመለየት እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ሰማያዊ የካርኒቫል ብርጭቆ (ገጹ ቀስተ ደመናማ ቀለም የሚያንጸባርቅ ብርጭቆ) ጎድጓዳ ሳህን ሠሪ መለየት አቅቶኛል። ንድፉ «ከርቭድ ስታር» ነው፤ ሠሪው ከሦስት የብርጭቆ ፋብሪካዎች፣ ከጀርመኑ ብሮክዊትዝ፣ ከስዊድኑ ኤዳ ወይም ከፊንላንዱ ሪሂማኪ አንዱ ይሆናል ብዬ አስባለሁ፤ ንድፉን ከአንድ በላይ ፋብሪካ ስላወጣው ግን እሱ ብቻውን አይፈርድም። የአፉ ስፋት 21፣ ቁመቱ 8 ሴንቲ ሜትር ነው። ከሥሩ ጽሑፍ የለም፤ ሪሂማኪ ስሙን ያተመው በአንዳንዶቹ ላይ ብቻ ስለሆነ ይህም አያስወጣውም። መቀመጫው ግን ተሞርዶ ለስልሷል። ይህ ከሦስቱ አንዱን ያስወጣል?

ሌላው የከበደኝ ውስጡ ያለው ነጭ ጭጋግ ነው። ሲረጥብ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና አላስለቀቀውም። ኮምጣጤ አልደፈርኩም፤ ያ ቀስተ ደመናማ ቀለም ብርጭቆው ገና ትኩስ ሳለ በተረጨ የብረታ ብረት ጨው የተሠራ ስስ ልባስ ነውና ከተላጠ አይመለስም። ልባሱን ሳልነካ፣ ጭጋጉ የውሃ ኖራ ይሁን የብርጭቆው ገጽ መበላት በምን ልለይ?