ዓባይ በረሃ ላይ ትንሽ ሞተር ኃይል ሲያጣ፦ የሚስበውን አየር ማቀዝቀዝ ይቻላል?

የማርቆስ መንገደኛ፦
ጤና ይስጥልኝ። 2003 ሞዴል፣ ባለ 1.0 ሊትር ቪትዝ አለኝ፤ ማርሹ ማንዋል ነው። ቤተሰብ ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ እመላለሳለሁ። እስከ ጎሃ ጽዮን ድረስ ምንም ቅሬታ የለኝም። ድልድዩን ተሻግሬ የደጀንን ዳገት ስጀምር ግን፣ በተለይ አራት ሰው ከነጓዙ ከጫንኩ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ብረግጠውም በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተተ ነው የሚወጣው። የሞተሩ ሙቀት ጠቋሚ ልኩን አያልፍም፤ ካንዴላና የአየር ፊልትሮም በቅርቡ ቀይሬአለሁ። ባለፈው ጉዞ በስልክ የሚነበብ መመርመሪያ ሰክቼ ስመለከት፣ የውጩ አየር 34 ዲግሪ ሳለ ሞተሩ የሚስበው አየር 68 ዲግሪ ደርሶ ነበር። አንድ መካኒክ የፊልትሮውን ቤት አውጥተን ክፍት የሆነውን ሾጣጣ ፊልትሮ ብንገጥምለት ይሻለዋል ብሎኛል። ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

የጋራዥ ሰው፦
ወንድሜ፣ ሾጣጣውን ፊልትሮ እባክዎ ይተዉት። ኮፈን ሥር ክፍት ሆኖ ሲቀመጥ የሚስበው በራዲያተሩ አልፎ የጋለውን አየር ነው፤ ድምፁ ስለሚጎላ ሾፌሩ ኃይል የጨመረ ይመስለዋል እንጂ እንደዚያ ባለ ዳገት ላይ ጉዳቱ ይብሳል።

ያነበቡት ቁጥር ቀላል አይደለም። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ ከ34 ወደ 68 ዲግሪ ሲወጣ በአንድ ሊትር ውስጥ የሚገኘው አየር ክብደቱ በ10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሚበዛ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ከፋብሪካ በ70 የፈረስ ጉልበት የወጣው ሞተርዎ ከተማ ውስጥም ቢሆን ሙሉ አቅሙን አያገኝም። ዓባይ ድልድይ አጠገብ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ስለሚወርድ ግፊቱ ይሻሻላል፤ በደንቡ መኪናው እዚያ ከአዲስ አበባ ይልቅ መጠንከር ነበረበት። ነገር ግን 68 ዲግሪ የሞቀው አየር ሲሰላ፣ እፍጋቱ በአዲስ አበባ 20 ዲግሪ ካለው አየር ጋር እኩል ይሆናል ማለት ይቻላል። ሸለቆው የሰጠዎትን ትርፍ ሙቀቱ በልቶታል። በዚያ ላይ የሞተሩ ኮምፒውተር ሞተሩ እንዳያንኳኳ እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ ስለሚያዘገይ ሌላም ኃይል ይጎድላል።

አሁን ኮፈኑን ይክፈቱና ከፊልትሮው ቤት ወደ ፊት የሚሄደውን የፕላስቲክ ቱቦ በእጅዎ ይከተሉት። ጫፉ ከራዲያተሩ ፊት ወይም ከመብራቱ ጎን ካለ ቀዝቃዛ ቦታ መድረስ አለበት። ፊቱ ተመትቶ የተጠገነ መኪና ላይ ይህ የቱቦ አፍ ብዙ ጊዜ ተሰብሮ ተጥሎ፣ የፊልትሮው ቤት በቀጥታ ከሞተሩ ላይ ሲስብ አይቻለሁ። የራዲያተሩን ዳርና ዳር የሚዘጉት ስፖንጆችና ከፓራውልቱ ሥር ያለው መሸፈኛ መኖራቸውንም ይመልከቱ፤ እነሱ ከሌሉ መኪናው በቀስታ ሲወጣ የጋለው አየር ዞሮ ወደ ፊት ይመለሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ነው። ሜዳ ላይ በግማሽ ሲነዱ የጎደለውን አየር ጥቂት ጨምረው በመርገጥ ስለሚተኩት ልዩነቱ አይታወቅዎትም።

ድሬ፦
እኔ ደግሞ በስሮትሉ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር በሚከፍተውና በሚዘጋው በር) ሥር የሚያልፈውን የራዲያተር ውኃ ቱቦ እንዲዘልል ማድረግ ይረዳል ሲባል ሰምቼ ሞክሬው ነበር። ድሬዳዋ ሙቀት ላይ እንኳ መመርመሪያው ላይ ለውጥ አላየሁም።

የጋራዥ ሰው፦
አይገርምም። ሞተሩ በ3,000 ዙር ሙሉ ሲተነፍስ በሰከንድ 25 ሊትር ያህል አየር ይስባል፤ በስሮትሉ የሚያልፈው በቅጽበት ስለሆነ እዚያ ለመሞቅ ጊዜ የለውም። አንዳንድ አሮጌ ሞተሮች ላይ ደግሞ ያ ውኃ ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ሲዞር ዙሩን ስለሚያስተካክል፣ ቱቦውን ማዝለል ዙሩ ከፍ ብሎ እንዲቀር ያደርጋል።

ክረምት ላይ የሚነዳ፦
ቱቦውን የምታስረዝሙ ሰዎች አፉን ወደ ታች፣ ወደ ፓራውልቱ ሥር እንዳታወርዱት አደራ። በሐምሌ ጎርፍ የያዘው መንገድ ላይ ሞተሩ አንዴ ውኃ ከሳበ ቢዬላ (ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ) ያጣምማል፤ ጥቂት ዲግሪ ለማትረፍ ተብሎ ሞተር ማጣት አይገባም።

የማርቆስ መንገደኛ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቱቦውን በእጄ ስከተለው አንድ ስንዝር እንኳ ሳይሄድ አለቀ፤ የተሰበረው ጠርዙ ልክ ከራዲያተሩ ቬንትሌተር ጀርባ ነበር። ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ሙሉውን ቱቦ አግኝቼ በፋሼታ አሰርኩት፤ አፉም በቀድሞ ቦታው፣ ከራዲያተሩ በላይ ነው የተቀመጠው። የጎደሉትን ስፖንጆችም አስሞላሁ። ባለፈው ቅዳሜ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጭነት ዳገቱን ስወጣ መመርመሪያው ከ47 ዲግሪ አላለፈም። ጠመዝማዛዎቹ ላይ አሁንም ሁለተኛ ማርሽ ነኝ፤ ቀጥ ባለው ላይ ግን ሦስተኛ አስገብቼ፣ ነዳጅ መስጫው ጥቂት እየተረፈኝ ደጀን ገባሁ።